ከካኖን ወደ ሶኒ ከመዞርሽ በፊት፦ ረጅሙን ዙም ቀድመሽ ምረጪ፣ ቦዲው (ካሜራው ራሱ) ይከተላል

ጥያቄው ባጭሩ፦ «ጋሼ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሰርግ አነሳለሁ። ያለኝ ካኖን 6ዲ ማርክ 2፣ አንድ 24-70 እና የካኖን ኢኤፍ 70-200 ኤፍ 2.8 ማርክ 2 ነው። አብረውኝ የሚሠሩት በሙሉ ሶኒ ስለያዙ እኔም ወደ ሶኒ ኤ7 ማርክ 4 ልዞር አስቤያለሁ። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ባሌና ሰሜን ተራሮች እወጣለሁ፤ ዘንድሮ ደግሞ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ለብሮሹር የወፎችና የቀይ ቀበሮ ፎቶ አዞኛል። የሶኒን 70-200 ጂኤም 2 ልግዛ፣ የታምሮንን 70-180፣ የሲግማን 70-200 ወይስ የሶኒን 200-600? ወይስ የካኖን ሌንሴን በአዳፕተር ልቀጥልበት?»

እህቴ፣ ከዘረዘርሻቸው ውስጥ መጥፎ ሌንስ የለም። ችግሩም እሱ ነው። ሁሉም ጥሩ ሲሆን ሰው ወይ በስሙ ይመርጣል፣ ወይ ጓደኛው የያዘውን ይገዛል። እኔ በሥራ ቀን ካሜራ እየጠገንኩ፣ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ እያነሳሁ የኖርኩ ሰው ነኝ። «ሽጥልኝ» ተብለው ጠረጴዛዬ ላይ የሚቀመጡት ሌንሶች አብዛኞቹ አንዳች ብልሽት የለባቸውም፤ ባለቤቶቻቸው ከገዟቸው በኋላ ለሥራቸው እንደማይሆኑ የገባቸው ናቸው።

ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመሄድሽ በፊት ኮምፒውተርሽን ክፈቺ። ያለፈውን አንድ ዓመት ሥራሽን ላይትሩም (ፎቶ ማደራጃ ፕሮግራሙ) ውስጥ በሌንስ አጣሪው፤ በ70-200 የተነሳውን ብቻ አስቀሪና በስንት ሚሊሜትር (ቁጥሩ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል) እንደተነሳ ደርድሪው። የጣልሻቸውን ተዪ፣ ለሙሽሮች ያስረከብሻቸውን ብቻ ቁጠሪ። የራሴን ሥራ እንዲህ ስቆጥር ክምሩ ሁለት ቦታ ነበር፤ አንዱ 70 ላይ፣ ሌላው 200 ጫፍ ላይ። መሐሉ ጭር ብሏል። 70 ላይ የተከመረው «ሌንስ ልቀይር ስል ያመልጠኛል» ብዬ እንደምንም ያነሳሁት ነው፤ 200 ላይ የተከመረው ደግሞ ሌንሱ አልደርስ ብሎኝ መጨረሻው ላይ የተጣበቅሁበት። ያንቺ ክምር የት እንዳለ ሳታውቂ ማንም ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ ይህን ግዢ ቢልሽ አትስሚ።

ከዚያ አፐርቸሩን፣ ማለትም የሌንሱን የብርሃን መግቢያ፣ እዪ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ብርሃን ይገባል። ሰርግ የምታነሺ ሰው እንደመሆንሽ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚሆነውን ለአንቺ መንገር አያስፈልገኝም። ተክሊል ሲደፋ አንቺ ቅኔ ማኅሌቱ ዳር ቆመሻል፣ መጠጋት አይቻልም፣ ፍላሽ ማብራትም ነውር ነው፤ ያለው ብርሃን ከጧፍና ከመስኮት የሚመጣው ብቻ ነው። በኤፍ 2.8 እና በ1/200 ሰከንድ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 የሚበቃሽ ቦታ፣ በኤፍ 4 6400 ይጠይቅሻል፣ በኤፍ 5.6 12800። የዛሬ ካሜራዎች 12800ን ይሸከሙታል፤ ነገር ግን በጥላ ውስጥ የጠይም ፊት ለስላሳነት የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው፣ የሀበሻ ቀሚስ ጥለት እርስ በርሱ የሚቀላቀለውም። ስለዚህ ለሰርጉ 2.8 ይኑርሽ። 100-400ም ይሁን 200-600 ለተክሊል አይሆኑም፤ «አንድ ሌንስ ገዝቼ ሁለቱንም ሥራ ልሥራ» የሚለውን ሐሳብ እዚሁ ላይ ጣይው። ታምሮን 50-400 የሚባል ኤፍ 4.5-6.3 ሌንስ አለው፤ ለተጓዥ ምርጥ ነው፣ ለሰርግ ፎቶግራፈር ግን ማታለያ ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ ባለ 2.8 ሌንሶች። ሶኒ 70-200 ጂኤም 2 እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ ሰውን ያስደነቀው ክብደቱ ነው፤ 1,045 ግራም። የመጀመሪያው ትውልድ 1,480 ነበር፣ አንቺ አሁን የተሸከምሽው የካኖኑ ደግሞ 1,490። ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ለሚዘልቅ ሰርግ ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ ልዩነት ትከሻ ያውቀዋል። ዙሙ ከውስጥ ነው የሚሄደው፣ ሌንሱ አይረዝምም። የሶኒን ቴሌኮንቨርተርም (በሌንሱና በካሜራው መሐል ገብቶ ሌንሱን የሚያስረዝም ቁራጭ) ይቀበላል። ሲወጣ ዋጋው 2,799 ዶላር ነበር።

ሲግማ 70-200 ኤፍ 2.8 በ2023 መጨረሻ በ1,499 ዶላር መጣ። ይህም ከውስጥ የሚዞም፣ የትራይፖድ እግር ያለው፣ ስታቢላይዘር (የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያ) ያለው፣ ጠንካራ ዕቃ ነው። ክብደቱ ግን 1,335 ግራም ነው፤ ከካኖንሽ ብዙም አላመለጥሽም። የታምሮን 70-180 ሁለተኛው ትውልድ፣ እሱም በ2023 የወጣ፣ 855 ግራም ይመዝናል፣ ሲወጣ 1,299 ዶላር ነበር። ተጠንቀቂ፣ የ2020ው የመጀመሪያው ታምሮን ስታቢላይዘር የለውም፤ ሰው እጅ ላይ ሁለቱም ስላሉ ስትገዢ ሁለተኛው ትውልድ መሆኑን ሌንሱ ላይ አንብቢ። ታምሮኑ ሲዞም ይረዝማል፣ የትራይፖድ እግርም የለውም።

ሰዎች ታምሮኑ ላይ የሚያነሱት ቅሬታ «200 አይደርስም» የሚል ነው። ይህን በሒሳብ እንየው። ከ180 ተነስተሽ የ200ን ያህል እንዲቀርብ ፎቶውን ብትቆርጪ የሚቀርልሽ የፎቶው 81 ከመቶ ነው። ኤ7 ማርክ 4 33 ሜጋፒክስል ስለሆነ ወደ 27 ሜጋፒክስል ይተርፍሻል። አሁን የያዝሽው 6ዲ ማርክ 2 ሳይቆረጥ 26 ነው። ማለትም በታምሮኑ ቆርጠሽም ዛሬ ለደንበኛ ከምታስረክቢው ያነሰ አታስረክቢም። በነዚያ 20 ሚሊሜትሮች ምክንያት 1,500 ዶላር የሚጨምር ሰው ምክንያቱ ሌላ መሆን አለበት።

ሌላ ምክንያት ግን አለ፣ ሚዛናዊ እንሁን። ሶኒ ካሜራ ላይ የሲግማና የታምሮን ሌንሶች ቴሌኮንቨርተር አይቀበሉም። ጂኤም 2 ግን ባለ 2 እጥፉን ስትገጥሚለት 140-400 ኤፍ 5.6 ይሆናል፤ ከኮንቨርተሩ 207 ግራም ጋር ድምሩ 1,252 ግራም። ለባሌ ጉዞ ሻንጣሽ ውስጥ አንድ ሌንስና አንዲት ትንሽ ቁራጭ ብቻ ትይዣለሽ። ጥራቱ ከእውነተኛ 400 ትንሽ ይለሰልሳል፣ ፎከሱም ይዘገያል። የሶኒ ቦዲ በሌሎች ኩባንያዎች ሌንስ ሲሠራ በሰከንድ ከ15 ፍሬም በላይ አያነሳም የሚባለውም እውነት ነው፤ አንቺን ግን አይነካሽም፣ ኤ7 ማርክ 4 ራሱ ከ10 አይበልጥምና።

አዳፕተሩን በተመለከተ ትንሽ ልቆይበት፣ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። አዳፕተር የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። ከሌንሱ መግጠሚያ ምስሉን እስከሚቀበለው ሰንሰር ያለው ርቀት በካኖን ኢኤፍ (ያንቺ 70-200 ዓይነት) 44 ሚሊሜትር ነው፣ በሶኒ 18። መሐሉ 26 ሚሊሜትር ባዶ ቦታ ስላለ እሱን የሚሞላ ቱቦ ታስገቢያለሽ። በውስጡ መስታወት የለም፤ ስለዚህ የምስሉ ጥራት አይቀንስም። ሻጩ «ጥራት አይነካም» ሲልሽ እውነቱን ነው። ያልነገረሽ ነገር ሌንሱና ካሜራው የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው። የካኖን ሌንስ ሞተር የሚያውቀው የካኖንን ትእዛዝ ነው፤ የአዳፕተሩ ሠሪ ይህን ቋንቋ ከውጭ ሆኖ እየሰማ፣ እየገመተ አስተርጓሚ ሠርቷል። አስተርጓሚው በቀን ብርሃን ጎበዝ ነው። ሲጨልም ይንተባተባል።

እኔ ራሴ በዚህ ነገር ተቀጥቻለሁ። ሶኒ እንደገዛሁ ያንቺኑ ዓይነት 70-200 በአዳፕተር ይዤ አንድ ሰርግ ገባሁ። ቀን ሙሉ መናፈሻ ውስጥ እንደ ልቤ ሠራሁበት፣ «ገንዘቤን አዳንኩ» ብዬ ለረዳቴ ጉራዬን ነፋሁ። ማታ አዳራሽ ውስጥ ኬክ ሊቆረጥ መብራቱ ሲደበዝዝ ሌንሱ ፎከሱን ፍለጋ ወዲያና ወዲህ ይመላለስ ጀመር፤ ዝዝ... ዝዝ... እያለ ሙሽሮቹ ቆርጠው ተጎራረሱ። የተረፈችኝ አንዲት ፎቶ ናት፣ እሷም የሙሽራው አጎት ጆሮ ላይ ፎከስ ያደረገች። ቪዲዮ ከሆነማ የባሰ ነው። ስለዚህ ኢኤፍ ሌንስን ሶኒ ላይ እንደ መሸጋገሪያ ለሁለት ወር፣ ለቀን ሥራ፣ ለምርት ፎቶ ተጠቀሚበት፤ ለተክሊልና ለቀለበት ግን በፍጹም።

ያው ሌንስ የካኖን ሚረርለስ (በውስጡ የሚነሳ መስታወት የሌለው አዲሱ ዓይነት ካሜራ) ላይ ሲገጠም ግን ታሪኩ ሌላ ነው። የካኖን አርኤፍ መግጠሚያ ርቀቱ 20 ሚሊሜትር ነው፤ ካኖን ራሱ የሠራው አዳፕተርም 24 ሚሊሜትር ባዶ ቱቦ ነው። ሌንሱም ካሜራውም የአንድ ቤት ልጆች ስለሆኑ አስተርጓሚ አያስፈልግም። የአንቺ 70-200 በዚህ መግጠሚያ በሚሠራው አር6 ማርክ 2 ካሜራ ላይ ሲገጠም 6ዲ ላይ ከነበረው ይልቅ የተሻለ ፎከስ ያደርጋል፤ ዓይንን ተከትሎ የሚይዘው ካሜራው ነውና። 6ዲ ማርክ 2 በቦዲው ውስጥ ማረጋጊያ የለውም፣ አር6 ማርክ 2 ግን አለው፤ ከሌንሱ ማረጋጊያ ጋር አብረው ይሠራሉ። በእጅሽ ያሉት ባትሪዎች እንኳ ይገጥማሉ። ይህን የምነግርሽ ካኖን ልሸጥልሽ አይደለም፤ ወደ ሶኒ ስትዞሪ ምን ትተሽ እንደምትሄጂ እንድታውቂ ነው።

ወደ ረጅሞቹ እንምጣ። የቴሌፎቶ ሌንስ ስም ላይ የተጻፉትን ሁለት ቁጥሮች፣ ሚሊሜትሩን በአፐርቸሩ ስታካፍዪ የምታገኚው የብርሃን መግቢያው ስፋት ነው። 200ን ለ2.8 ስታካፍዪ 71 ሚሊሜትር ይሆናል። 400 ለ5.6 ያው 71። የካኖን 100-500 ጫፍ፣ 500 ለ7.1፣ 70። እንግዲህ እነዚህ ሦስቱ፣ ማለትም የአንቺ 70-200፣ የሶኒ 100-400 ጂኤም እና የካኖን 100-500፣ ሁሉም ባለ 77 ሚሊሜትር ፊልተር መሆናቸው በአጋጣሚ አይደለም። በስፋታቸው እኩል የሆኑ ሦስት ቀዳዳዎች ናቸው፤ አንዱ ብርሃኑን ለቅርብ ያውለዋል፣ ሌላው ለሩቅ። የሶኒ 200-600 ግን 600 ለ6.3፣ 95 ሚሊሜትር ነው። ሩቅ ያለን ወፍ በተመሳሳይ መጠን ቆርጠሽ ብታወጪ ከ100-400ው ይልቅ የጠራ የሚሆነው በዚህ ነው፤ በረዘመው ብቻ ሳይሆን በሰፋው። ክብደቱም 2,115 ግራም የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። በዚህ ዓለም ነፃ ሚሊሜትር የለም።

«ኤፍ 6.3 አይጨልምም ወይ?» ትዪኛለሽ። ለተክሊል ይጨልማል። ለባሌ አይጨልምም። ፀሐይ ወጥታ በአይኤስኦ 400 በኤፍ 6.3 1/2500 ሰከንድ ታገኛለሽ፤ ቀበሮ ሲሮጥ ለማስቆም በቂ ነው። ደግነቱ ቀይ ቀበሮ የሌሊት አውሬ አይደለም። የሚያድነው ፍልፈልና አይጥ ቀን ስለሚወጣ እሱም ቀን ይሠራል። የባሌው አምባ ሳነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ነሽ፣ ሰማዩ ጠራ ያለ ነው፣ ፀሐዩ ይበዛብሻል እንጂ አያንስሽም። እዚያ የሚያስቸግርሽ ሌላ ነገር ነው። ረፋዱ ላይ መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ይርገበገባል፤ በ600 ሚሊሜትር ከሩቅ ስታነሺ ፀጉሩ ሁሉ የቀለጠ ይመስላል። ብዙዎች ይህን አይተው ሌንሱን ጥገና ያመጡልኛል። ሌንሱ ደኅና ነው። ጠዋት ተነሽ፣ ጠጋ በዪ።

እንዲያውም እውነቱን ንገረኝ ካልሽኝ፣ የኢትዮጵያ አራዊት በሙሉ 600 ይጠይቃሉ ማለት አይደለም። ሰሜን ላይ ጭላዳ መሐሉ ቁጭ ብለሽ ሣሩን ሲነጭ ታነሺዋለሽ፤ 70-200 ይበቃል፣ አንዳንዴም 70ው ይረዝማል። ሐዋሳ አሞራ ገደል ያለው አባ ኮዳ ከዓሣ አጥማጆቹ እግር ሥር ነው የሚቆመው፤ ሰፊ ሌንስ ይዘሽ ብትሄጂ ይሻላል። ረጅም ሌንስ የግድ የሚሆነው ለቀይ ቀበሮ፣ ገደል ላይ ለቆመ ዋሊያ እና ለትናንሾቹ ወፎች ነው። የትእዛዝሽን ዝርዝር አውጪና ስንቱ ከዚህ ምድብ እንደሆነ እዪ። ከ20 ፎቶ 4 ብቻ ከሆነ ሌንስ መግዛት ሳይሆን መከራየት ነው ያለብሽ።

ብሮሹር ያልሽው ነገር ደግሞ ሒሳቡን ይቀንስልሻል። አንድ ሙሉ ኤ4 ገጽ በጥሩ ጥራት፣ በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም ወደ 8.7 ሜጋፒክስል ይፈልጋል። በ400 ሚሊሜትር አንስተሽ የ600ን ያህል ብትቆርጪው በኤ7 ማርክ 4 14.7 ሜጋፒክስል ይቀርሻል። በአር6 ማርክ 2 እንኳ 10.7። ሁለቱም ኤ4ን ይሞላሉ። በገጹ ላይ የግማሽ መዳፍ ያህል ለምትታይ ወፍማ ይተርፋል። ኤ3 ፖስተር ቢጠይቁሽ ግን ወደ 17 ሜጋፒክስል ስለሚፈልግ ያኔ 600ው ዋጋውን ያወጣል።

ስለዚህ በሶኒ በኩል ለአንቺ የምመርጠው ታምሮን 70-180 ሁለተኛው ትውልድና የሲግማ 100-400 ኤፍ 5-6.3 ነው። ሲግማው በ2020 ሲወጣ 949 ዶላር ነበር፣ ክብደቱ 1,140 ግራም። የሁለቱ የመውጫ ዋጋ ተደምሮ 2,248 ዶላር ይመጣል፤ ጂኤም 2 ብቻውን ከነበረበት ያነሰ። ለሰርግ 855 ግራም ትይዣለሽ፣ ለባሌ ሌላውን። 200-600ን (ሲወጣ ወደ 2,000 ዶላር ነበር) የወፍ ሥራ ተደጋግሞ ሲመጣልሽ ያኔ ጨምሪ፤ እሱ ሌንስ በእውነት ግሩም ነው፣ ሲዞም አይረዝምም፣ በትንሽ እጅ ዞር ማድረግ ከ200 ወደ 600 ይደርሳል፣ ነገር ግን ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ርዝመት ስላለው መደበኛ የካሜራ ቦርሳ ውስጥ ቆሞ አይገባም። ጂኤም 2ን የምመክርሽ በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፦ ቆጠራሽ ግማሽ ሥራሽን በ70-200 እንደምትሠሪ ካሳየሽ። ያኔ ዋጋውን ትከሻሽና ፎከሱ ይመልሱልሻል።

ስለሚረዝሙ ሌንሶች አንድ የጥገና ሰው ነገር ልበል። «የሚረዝም ሌንስ አቧራ ይስባል» ይባላል። እውነትነት አለው፤ ሲወጣና ሲገባ አየር ይገፋል፣ ይስባልም። እኔ ግን ከፍቼ ያየኋቸው አብዛኞቹ የቆሸሹት በራሳቸው መርዘም ሳይሆን አቧራ የለበሰውን ቱቦ ባለቤቱ ሳይጠርግ መልሶ ስላስገባው ነው። ከሮቤ ወደ ሳነቴ ስትወጪ የመኪናውን መስኮት ከፍተሽ ያነሳሽበትን ቱቦ ከመመለስሽ በፊት በብሩሽ አራግፊው። ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ የማትወጂውን ልንገርሽ። ካኖን ላይ ብትቆዪ የምታወጪው ምንድን ነው? አር6 ማርክ 2 እና አዳፕተር። 70-200ውም 24-70ውም እንዳሉ ይቀጥላሉ። ለባሌ አርኤፍ 100-400 ኤፍ 5.6-8 ትጨምሪያለሽ፤ 635 ግራም ብቻ ነው፣ በ2021 ሲወጣ 649 ዶላር ነበር። ጫፉ ላይ ኤፍ 8 ስለሆነ ከሲግማው 2/3 ስቶፕ (አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ነው) ይጨልማል፤ በቀን ብርሃን ግን ታገኚበታለሽ። ወይም ምንም ሌንስ ሳትገዢ ያገለገለ የኢኤፍ ኤክስቴንደር (የካኖን ቴሌኮንቨርተር) ፈልጊ፤ የአንቺ 70-200 ባለ 2 እጥፉንም ይቀበላል፣ በአዳፕተሩ በኩልም ይሠራል። ሥራው እያደገ ከመጣ 200-800 ኤፍ 6.3-9 አለ፣ 2,050 ግራም፣ በ2023 በ1,899 ዶላር የወጣ፤ 800 ለሚደርስ ዙም ርካሽ የሚባል ነበር።

የካኖን ጉድለቱ ወደፊት ነው የሚመጣው። ካኖን የአርኤፍን በር ለሌሎች ሌንስ ሠሪዎች ለዓመታት ዘግቶት ነበር፤ በ2024 ለሲግማና ለታምሮን የከፈተው በትንሹ ሰንሰር ለሚሠሩ ሌንሶች ነው። እንደ ታምሮን 70-180 ያለ ቀላልና ርካሽ የሙሉ ፍሬም (የትልቁ ሰንሰር) 2.8 እዚያ አታገኚም። 70-200ሽ አንድ ቀን ከደረጃ ላይ ቢወድቅ የሚተካው የአርኤፉ ነው፤ በ2019 ሲወጣ 2,699 ዶላር። 1,070 ግራምና አጭር፣ ቆንጆ ሌንስ ነው፣ ቴሌኮንቨርተር ግን አይቀበልም፤ የሚቀበለው በ2024 የመጣው ከውስጥ የሚዞመው ነው፣ እሱም የበለጠ ውድ ነው።

ኒኮንን አልጠየቅሽኝም፤ በአንድ ትንፋሽ ልለፈው። 180-600ው በ2023 ወደ 1,700 ዶላር ወጥቶ ከሶኒው 200-600 ጋር ፊት ለፊት የሚወዳደር ነው፤ የኒኮን 70-180 ደግሞ 795 ግራም ሆኖ ቴሌኮንቨርተር ይቀበላል፣ ስታቢላይዘር ግን በሌንሱ ውስጥ የለውም። ከባዶ የሚጀምር የአራዊት ፎቶግራፈር ቢሆን እሱን እመክረው ነበር። ላንቺ ግን ሦስተኛ ቋንቋ ነው፤ ሌንሱ የሚገጠምበት አቅጣጫ እንኳ ከካኖን የተገላቢጦሽ ነው።

ወደ ሶኒ የሚገፋሽ ምክንያት «ጓደኞቼ ሁሉ ሶኒ ናቸው» የሚለው መሆኑን ሲያነብ ሰው ይስቅብሽ ይሆናል። እኔ አልስቅም። እዚህ አገር ሥራ የሚሠራው በመዋዋስ ነው። ዓርብ ማታ ሌንስሽ ቢበላሽ ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኛሽ ተቀብለሽ መግባት መቻል ከማንኛውም የጥራት ሙከራ ይበልጣል። ቪዲዮ የሚቀርጸው ሰው ሶኒ ከሆነና ያንቺ ፎቶ ከእሱ ቪዲዮ ጋር በቀለም መግጠም ካለበትም ትርጉም አለው። ግን ከመወሰንሽ በፊት አንድ ነገር አጣሪ፦ ከጓደኞችሽ ውስጥ 70-200 ወይም 200-600 ያለው ስንቱ ነው? ሁሉም 24-70 እና 35 ብቻ ከያዙ ከእነሱ በውሰት የምታገኚው ረጅም ሌንስ የለም።

የሚረሳውን ወጪም ጻፊ። የካኖን ፍላሽሽ ሶኒ ላይ አውቶማቲክ ሆኖ አይሠራም። ጎዶክስ የተባለው ሥሪት ከሆነ የብርሃኑ ራስ ይተርፋል፣ ትሪገሩን (ፍላሹን ከካሜራው የሚያስነሳውን) ግን የሶኒውን መግዛት አለብሽ። ቢያንስ 3 ባትሪ። 24-70ሽም ይተካል፤ አዳፕተሩ እዚያም ያው አዳፕተር ነውና። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ በዶላር ትንሽ የሚመስል ነገር በብር የሁለት ሰርግ ገቢ ሆኖ ቁጭ ይላል። ካሜራ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ሰው ሲመጣ በሻንጣ ይምጣልኝ የምትዪ ከሆነም ዋስትናው እዚህ ይሠራ እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በተገዛበት አገር ብቻ ነው።

ያገለገለ ስትገዢ የስልክሽን መብራት ከኋላ በኩል አብሪና ከፊት ተመልከቺ። ጥቂት አቧራ ፎቶ ላይ አይታይም፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካየሽ ግን ሻጋታ ነውና ይቅርብሽ፤ ሐይቅ ዳርና ቆላ ከነበሩ ሌንሶች ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ቀጥሎ ጡብ ግድግዳ ፊት ለፊት ቁሚና በ2.8፣ በ70፣ በ135 እና በጫፉ አንሺ፤ አራቱን ማዕዘን አወዳድሪ። አንዱ ጥግ ብቻ ከደበዘዘ ሌንሱ ሳይወድቅ አይቀርም፣ ሻጩ ምንም ቢል። ማረጋጊያውን አብርተሽ ጆሮሽን አስጠጊ፤ ለስላሳ ጉምጉምታ ደኅና ነው፣ ቂቅ የሚል ግን አይደለም። ጥቃቅን ብሎኖቹን እዪ፤ ጭንቅላታቸው የተፋቀ ከሆነ ከእኔ በፊት ሌላ ሰው ከፍቶታል ማለት ነው።

የእኔን ሚዛን ከጠየቅሽ፣ ዛሬ ባለሽ ነገር ወደ ካኖኑ ያደላል፦ ቦዲ ቀይሪ፣ 70-200ሽን ያዢ፣ 100-400 ጨምሪ። ሶኒ ካልሽ ግን ሙሉ በሙሉ ሂጂ፤ ካኖኑን በአንድ ሳምንት ሽጪና ታምሮኑን ያዢ። አንድ እግር እዚህ፣ አንድ እግር እዚያ፣ መሐል ላይ አዳፕተር... የኬኩን ነገር ነግሬሻለሁ።

ከመክፈልሽ በፊት ከጓደኞችሽ አንዱን ኤ7 ማርክ 4 ለአንድ ቅዳሜ ተዋሺ፣ ታምሮኑንም ተከራይተሽ ግጠሚበት። ሙሽራዋን ሳይሆን መጀመሪያ ቅዳሴ ላይ ዲያቆናቱን አንሺበት፣ በዚያው ጨለማ። የላይትሩሙንም ቆጠራ ስትጨርሺ ሦስት ቁጥር ላኪልኝ፦ በ70 ስንት፣ በ200 ስንት፣ በ2.8 ስንት። 200-600 ያስፈልግሽ እንደሆነ ያኔ በቁርጥ እነግርሻለሁ።